ከመመለሱ በፊት ምን ጠየቀህ?

ደብዳቤው

«ከጥቂት ወራት በፊት የመጀመሪያዬ የሆነችውን መኪና ገዛሁ። ያገለገለች ናት፤ ስገዛት 180,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ የቀድሞ ባለቤቷ እንዴት ይይዛት እንደነበር አላውቅም። ባለፈው ወር ዘይቷንና ፊልትሮዋን ራሴ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሳስነሣት ‹ጠቅ ጠቅ› የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። አጎቴ ሠላሳ ዓመት በመካኒክነት የሠሩ ሰው ናቸው። መኪናዋን ይዤላቸው ሄድኩ። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፈው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው አዳመጡና ‹ወፍራም ዘይት አድርግበት› አሉኝ። ማታ ስልኬ ላይ ስፈልግ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ወጣት ወፍራም ዘይት ሞተር ይገድላል፣ መፍትሔው ሞተሩን በማጠቢያ ፈሳሽ ማጠብ ነው ይላል። ሌላ ሰው ደግሞ 12 ዓመት ሙሉ ዘይቱ ላይ ናፍጣ እየጨመረ ሞተሩን ሲያጥብ አንድም ቀን ችግር እንዳልገጠመው ምሎ ጽፏል። በማግስቱ ቪዲዮውን ለአጎቴ ባሳያቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ‹እንግዲያው ስልክህ ይጠግንልህ› ብለውኝ ገቡ። ይኸው አጎቴን አስቀየምኩ፣ ሞተሬም አልተሠራ። ማንን ልመን?»

መልስ

ውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልህ፤ ይህ ለክርክር ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የዘይት ጣሳ የሚመስለው ቀይ መብራት ከበራ፣ ወይም ድምፁ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አልጠፋ ብሎ ነዳጅ ስትሰጣት እየበረታ ከሄደ፣ ዳር ይዘህ አጥፋት። «ቤት ድረስ ብቻ ልንዳት» አትበል። ያ ቀይ መብራት የሚናገረው ስለ ዘይት ግፊት ነው፤ ያለ ግፊት የሚዞር ሞተር ደግሞ ዕድሜው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። እንደጻፍከው ድምፁ ጠዋት ብቻ ተሰምቶ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጊዜ አለን፤ ረጋ ብለን እንነጋገር።

ሦስት መካሪ አቁመህ «ማንን ልመን» ብለሃል። እኔ አራተኛው መሆኔ ነው። መኪናህን አላየኋትም፣ ድምፅዋን አልሰማሁም፤ ስለዚህ የምጽፍልህን ሁሉ ከሩቅ እንደመጣ ቃል ቁጠረው። ደብዳቤህን ደግሜ ሳነብ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ድምፁ የተወለደው ዘይትና ፊልትሮ በቀየርክ ማግስት ነው። ይህን ራስህ ጽፈኸዋል፤ ጽፈኸው ግን አልፈኸዋል። አጎትህ ይህን ጠይቀውህ እንደሆነ አልነገርከኝም። ቪዲዮ የሠራው ወጣት ሊጠይቅህ አይችልም፤ ናፍጣ የሚጨምረው ሰውዬ አንተ መኖርህንም አያውቅ። ሦስት መልስ ተሰጥቶሃል፤ «ምን ዘይት አደረግህ? ምን ፊልትሮ ገጠምክ?» ያለህ ግን ያለ አይመስልም።

እኔ ባለሙያውን ከአማተሩ የምለየው እዚህ ላይ ነው። ዲፕሎማ አላይም፣ የተከታይ ብዛት አልቆጥርም፣ የእጅ ጥቁረትም አያሳምነኝም። ከመመለሱ በፊት ምን ጠየቀ? ደህና መካኒክ ዘንድ ሄደህ «መኪናዬ ትጮሃለች» ብትለው ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ያስቸግርሃል። ጠዋት ነው ማታ? ቀዝቅዛ ሳለች ነው ወይስ ሞቃ? ቆማ ሳለች ነው ወይስ ስትሄድ? መቼ ጀመራት? ከዚያ በፊት ማን ምን ነካባት? ወሬ ወዶ አይደለም። እያንዳንዱ ጥያቄ የሞተሩን ግማሽ ከተጠርጣሪነት ያወጣለታል። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅና ሲሞቅ ዘይቱ በመቅጠኑ የሚመጣ ድምፅ ሁለቱም «ጠቅ ጠቅ» ሊሉ ይችላሉ፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የብሮንዚን (የሞተሩ ዋና ዘንግ ተደግፎ የሚዞርበት ክፍል) ነገር ነውና እጅግ የከፋ ነው። ምቱም ይናገራል። ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍት፣ የሚዞረው ፒስተኖች በሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ በክራንክሻፍት፣ ግማሽ ፍጥነት ስለሆነ ከቫልቭ በኩል የሚመጣ ድምፅ ከሞተሩ ዙር በግማሽ ዘግየት እያለ ይመታል። የለመደ ጆሮ ይህን ይለየዋል። የአጎትህ ካቻቢቴ ሥራውም ይኸው ነው፤ ብረቱ ድምፅን ከአንድ ቦታ ብቻ ለይቶ ወደ ጆሮ ያመጣል። ሐኪም ደረት የሚያዳምጥበትን መሣሪያ አስብ። ኋላ ቀር ነው ብለህ እንዳትንቀው።

ነገር ግን፣ እዚህ ላይ አጎትህ ቢቀየሙኝም እላለሁ፣ ያዳመጡት መቼ ነው? መኪናዋን እየነዳህ ከሄድክ ሞተሯ ሞቃ ነው የደረሰችው። ጠዋት የሚሰማው ድምፅ ያኔ ጠፍቷል። ታዲያ እሳቸው የሰሙት ምንድን ነው? ምናልባት 180,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር ሁሉ የሚያሰማውን ተራ ድምፅ ሰምተው፣ ለተራ ድምፅ የሚሰጠውን ተራ መልስ ሰጡህ። ጥፋቱ የጆሯቸው አይደለም። በሽተኛውን በዳነበት ሰዓት ነው ያቀረብክላቸው።

ወደ ወፍራሙ ዘይት እንምጣ፤ ሁለቱ ወገኖች የተጋጩት እዚያ ላይ ነውና። በዘይት ዕቃ ላይ 5ደብልዩ-30 ወይም 20ደብልዩ-50 ተብሎ የሚጻፈው ሁለት ነገር ይነግርሃል። ደብልዩ በእንግሊዝኛ የቀዝቃዛ ወቅት ስም የመጀመሪያ ፊደል ናት፤ ከእሷ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቶሎ ይፈሳል። ኋለኛው ቁጥር ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ሞተሩ ሞቆ በሚሠራበት ሙቀት አካባቢ፣ ምን ያህል ወፍሮ እንደሚቆይ ነው። አጎትህ ሙያውን በለመዱበት ዘመን በብዙ ሞተሮች ውስጥ በሚፋተጉ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነበር። ሲያረጁ ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል፤ ወፍራም ዘይት ያንን ክፍተት ሞልቶ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ድምፁንም ያለዝባል። ስለዚህ ምክራቸው ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ስንት ያረጀ ሞተር ሲሠራበት አይተዋል።

ያንተ መኪና ግን የቅርብ ጊዜ ሥሪት ከሆነች ዘይት በውስጧ ከማለስለስ ያለፈ ሥራ አለው። የቫልቮቹን ክፍተት የሚሞሉ በዘይት ግፊት የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች ሊኖሯት ይችላሉ፤ የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚያዛውረውም መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው በዘይት ነው። ዘይቱ ወደ እነዚህ የሚደርሰው በቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። ድምፁ ያለው ጠዋት ከሆነና ዘይቱ ከላይ ለመድረስ ዘግይቶ ከሆነ በብርድ ጊዜ እየተጎተተ የሚፈስ ዘይት መጨመር ነገሩን ያባብሰው ይሆናል። «ወፍራም ዘይት ሞተር ይገድላል» የሚለውም ቢሆን ቪዲዮ ለማሳመር የተባለ ነው። የብዙ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍ በውጭው አየር ሙቀት ተከፋፍሎ የተፈቀዱ የዘይት ዓይነቶችን የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው፤ ከአንድ በላይ ዓይነት የሚፈቅድም አይጠፋም። መጽሐፍህ 10ደብልዩ-40ን ከፈቀደ አጎትህ አልተሳሳቱም፤ ካልፈቀደ ደግሞ ምክሩ የሌላ ሞተር ምክር ነው። ሁለት ወገን የተጣላበት ጉዳይ በአንድ ገጽ ያልቃል፤ የሚያሳዝነው ያንን ገጽ ከሦስታችሁም የከፈተው አለመኖሩ ነው።

መመሪያ መጽሐፉ መኪናው ወንበር ፊት ባለው ኪስ ውስጥ ከሌለ አትዘን፤ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ቶሎ የሚጠፋው እሱ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች በድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ያስቀምጡታል። የሞዴሉን ዓመትና የሞተሩን መለያ አረጋግጠህ ውሰድ። የአንድ ዓመት ልዩነት ያላቸው፣ ስማቸው አንድ የሆነ፣ ሞተራቸው ግን ፍጹም የተለያየ መኪኖች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ስለ ማጠቢያው ፈሳሽ ያለኝ አቋም ከዘይቱ ይልቅ ጠንከር ያለ ነው፤ አታድርገው። አሁን አታድርገው፣ በዚህ ሞተር አታድርገው። ታሪኩን የማታውቀው ሞተር ነው። የቀድሞው ባለቤት ዘይት በጊዜው የማይቀይር ሰው ከነበረ በውስጡ ለዓመታት የተጋገረ ዝቃጭ አለ። የማጠቢያው ፈሳሽ ዝቃጩን ማሟሟት ሲጀምር ሁሉም ሟሙቶ አይወጣም፤ ግማሹ እየተቀረፈ ወደ ዘይቱ ቋት ይወርዳል። ቋቱ ውስጥ የዘይት ፓምፑ የሚስብበት አፍ አለ፤ አፉ ላይ የሻይ ማጥለያ የመሰለ ወንፊት ተገጥሟል። የተቀረፈው ዝቃጭ ያንን ወንፊት ከደፈነው ፓምፑ የሚስበው ያጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ብሮንዚኖቹ ብረት በብረት ይፋጫሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሞተር ማውረድ ነው። ወጣቱ በቪዲዮው ያጠበው ሞተር ምናልባት ድሮም ንጹሕ ነበር፤ ስለዚህ ምንም አልሆነም። ቪዲዮው የተቋጨውም የወጣውን ጥቁር ዘይት አሳይቶ ይሆናል። ዘይት ግን መጥቆሩ ብቻውን ምንም አይመሰክርም፤ ቆሻሻን ይዞ እንዲንሳፈፍ ሆኖ የተቀመመ ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አዲስ ዘይት ጨምረህ ጥቂት ብትነዳ ይጠቁራል።

ሞተርህ ዝቃጭ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ምንም ማፍሰስ አያስፈልግህም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ጠፍቶ ሳለ ዘይት የምትጨምርበትን ክዳን ፍታና የስልክህን መብራት ወደ ውስጥ አብራ (ስልክህ የሚጠቅመው ለዚህ ነው)። የሚታይህ ብረት የማር ወይም የቡና መልክ ያለው ስስ ቀለም ከሸፈነው አትጨነቅ። ክዳኑ ሥር በጣትህ ስትነካው የሚጠፈጠፍ፣ ጥቁር፣ ጄሊ የመሰለ ነገር ካገኘህ ዝቃጭ አለ ማለት ነው። ያኔም ቢሆን መፍትሔው ቀስ በቀስ ነው፤ መጽሐፉ የሚያዘውን ዘይት በጥሩ ፊልትሮ እያደረግህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለመደው ቀድመህ መቀየር። ጥሩ ዘይት በራሱ የሚያጸዳ ቅመም አለው፤ ዝግ ብሎ ይሠራል፣ ዝግ ማለቱም ነው የሚጠቅምህ። ነጭ ቅባት የመሰለ ነገር ካየህ ደግሞ ውሃ አለ ማለት ነው፤ አጭር ርቀት ብቻ በመንዳት የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ይችላል፣ የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን የቴስታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ያሳስባልና ወደ ጋራዥ።

የ12 ዓመቱን ሰውዬ ደግሞ እንየው። ይዋሻል አልልም። ግን ችግር እንዳልደረሰበት በምን አወቀ? ናፍጣ ዘይትን ያቀጥናል፤ ሲፈስም ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ ጥቂቱ ከአዲሱ ዘይት ጋር ይቀራል። በዚያ የሚመጣ መበላት ለዓይን የሚታይ፣ ለጆሮ የሚሰማ አይደለም። ሞተር ዕዳውን ወዲያው አይጠይቅም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚጠይቀው ቀጣዩን ባለቤት ነው። በተጨማሪም ናፍጣ ጨምረው ሞተራቸው የነከሰባቸው ሰዎች «12 ዓመት ሠራሁበት» ብለው ሊጽፉ አይችሉም። የተረፈው ብቻ ነው የሚመሰክረው። «እኔ አድርጌዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ቃል ከሁሉም ምክር ይልቅ ሞቅ ብሎ የሚሰማውም፣ ከሁሉም ይልቅ ባዶ የሆነውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ስል አማተርን የናቅሁ አይምሰልህ። ተራ ባለመኪኖች ባለሙያዎችን ያሳፈሩበት ጊዜ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1997 እስከ 2002 ባሉ ሞዴሎች ላይ በተገጠሙ አንዳንድ የቶዮታ ሞተሮች ውስጥ ዘይቱ ወደ ዝቃጭ እየተለወጠ ሞተሩን ይጎዳ ነበር። ባለቤቶቹ አቤት ሲሉ «ዘይት በጊዜው ባለመቀየራችሁ ነው» ተባሉ። አቤቱታው ግን ከዚህም ከዚያም እየበዛ፣ እየተመሳሰለ መጣ፤ በ2002 ኩባንያው 3.3 ሚሊዮን ለሚሆኑ መኪኖች የሚሆን የተራዘመ የጥገና ሽፋን ሰጠ። እነዚያ ሰዎች መሐንዲሶች አልነበሩም። ያዩትን ተናገሩ፤ አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት ብልሽት፣ ከተለያየ ቦታ። እኔም አማተርን የማዳምጠው በዚህ መንገድ ነው፤ ምስክር አድርጌ። «የዚህ ሞተር ባለቤቶች እዚህ ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርሱ ይህ ዕቃ ይበላባቸዋል» የሚል የብዙ ሰው ቃል ካገኘህ ወርቅ ነው፤ ወደ መካኒክህ ይዘህ ሂድ። ያው ምስክር ዳኛ ሆኖ «ምክንያቱ ይህ ነው፣ መድኃኒቱም ይህ ነው» ማለት ሲጀምር ግን ወንበሩ የእሱ አይደለም።

ዳኛውም፣ ማለትም ባለሙያውና አምራቹም፣ ቢሆን ሆድ አለው። «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይቀየርም» ተብለው የሚሸጡ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች አሉ። ዜድኤፍ የተባለው የጀርመን ካምቢዮ አምራች ግን የራሱ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ዘይት እንደ አነዳዱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ወይም ቢዘገይ በስምንት ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። «የዕድሜ ልክ» ሲሉ የማን ዕድሜ እንደሆነ መጠየቅ ያንተ ፈንታ ነው። መጽሐፉ የሞተር ዘይት በ10,000 ወይም በ15,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ሲልህም እዚያው አቅራቢያ «ለከባድ አጠቃቀም» የሚል ሌላ ሰንጠረዥ ፈልግ፤ አቧራ፣ አጭር ርቀት፣ መጨናነቅና ሞተር አስነሥቶ መቆም በዚያ ሥር ይመደባሉ፤ ጊዜውም አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ያጥራል። አብዛኞቻችን የምንነዳው በዚያኛው ሰንጠረዥ ነው፤ የምናነበው ግን የመጀመሪያውን ነው። ማጠቢያ ፈሳሽ የሚሸጥ ጋራዥ ማጠቢያ ቢመክርህ፣ ቪዲዮ የሚሠራው ወጣት የፈሳሹን መግዣ ከቪዲዮው ሥር ቢያስቀምጥ አትደነቅ። መሸጣቸው ውሸታም አያደርጋቸውም፤ ዋጋው ግን ምክሩ ላይ ተጨምሯል።

ሌላው የምመክርህ የምክርን የልደት ዘመን መጠየቅ ነው። ይህን በራሴ ተምሬዋለሁ። ከዓመታት በፊት መኪናዬ ሞቀችብኝ ስል አንድ ወዳጄ «ቴርሞስታት የብርድ አገር ዕቃ ነው፣ አውጥተህ ጣለው» አለኝ። አወጣሁት። ሙቀቱ ወረደ፤ እኔም ወዳጄን አመሰገንኩ። ከዚያ ነዳጅ መብላት ጀመረች። ካንዴላ ቀየርኩ፣ የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ነዳጅ ማደያ ለወጥኩ። ነገሩ ለካ ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ፈጽሞ አይደርስም ነበር። ቴርሞስታት ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ እሱ ከሌለ ውሃው ያለማቋረጥ ይዞራል። የመኪናዬ ኮምፒውተር ሞተሩ ገና አልሞቀም እያለ ነዳጅ ይጨምር ነበር፤ በዘይት ክዳኔም ሥር ነጭ ቅባት ይዞ ነበር። የመጀመሪያው መሞቅ ምክንያት ደግሞ ከነጭራሹ ቴርሞስታቱ ሳይሆን የተደፈነ ራዲያተር ሆኖ ተገኘ። ወዳጄ አልዋሸኝም። የእሱ መኪና ካርቡራተር የነበራት አሮጌ ነበረች፤ ነዳጇን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር የላትም፣ ስለዚህ አኮርፋ የምታሳየው ነገር አልነበረም። ምክሩ ዕድሜው አልፎ ነው እኔ ዘንድ የደረሰው። «ሳትሄድ አሥር ደቂቃ አሙቃት» እና «በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ካልቀየርክ አለቀላት» የሚሉትም የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ሁለተኛው ጉዳት የለውም፤ መጽሐፉ ለአንተ አነዳድ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ከፈቀደ ግን የሚባክነው ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኮምፒውተር ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ሰው የመኪናዋ ኮምፒውተር የሚያወጣውን የብልሽት ኮድ ማንበቢያ ገዝተህ ስልክህ ላይ እንድታነብ ሳይመክርህ አይቀርም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች ሁሉ የጋራ የሆነ ኮድ መናገር ግዴታቸው ነው፤ መሣሪያውም ርካሽና ጠቃሚ ነው። ግን ኮዱ የሚነግርህ ኮምፒውተሩ ምን እንዳልጣመው ነው። ፒ0171 ቢልህ ሞተሩ ከነዳጅ ይልቅ አየር በዝቶበታል ማለት ነው፤ ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ኮድ አይተው ዕቃ የሚያዝዙ ሰዎች አማተሮች ብቻ አይደሉም፤ ጋራዥ ከፍተው የሚሠሩበትም አሉ። ያንተ የጠዋት ድምፅ ደግሞ ምንም ኮድ ላያወጣ ይችላል።

ወደ ድምፁ ልመለስ። ቢሆን ብዬ የምጠረጥረውን ልንገርህ፤ መጠርጠሬን አትርሳ። በብዙ የዘይት ፊልትሮዎች ውስጥ ከላስቲክ የተሠራች ቀጭን ክዳን አለች። ሥራዋ ሞተሩ ሲጠፋ ፊልትሮው ውስጥ ያለው ዘይት ተመልሶ ወደ ቋቱ እንዳይፈስ መያዝ ነው። ፊልትሮው አግድም ወይም ተገልብጦ በሚገጠምባቸው ሞተሮች ላይ ያቺ ላስቲክ ደረቅ ወይም ደካማ ከሆነች ዘይቱ ሌሊቱን ይወርዳል። ጠዋት ስታስነሣት ፓምፑ መጀመሪያ ባዶውን ፊልትሮ መሙላት አለበት፤ እስኪሞላ የላይኛው የሞተር ክፍል ለጥቂት ሰከንድ ይጠማል፤ ይንኳኳል። ዘይቱ ሲደርስ ጸጥ። ከጻፍከው ጋር ይመሳሰላል፤ መመሳሰሉ ግን ማስረጃ አይሆንም። ራስህ ስለቀየርክ ደግሞ መጠኑንም አጠራጥረዋለሁ። ዘይት ሲጎድል እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል፤ ሲበዛም ክራንክሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ የገባበት ዘይት ደግሞ ግፊት አይይዝም።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ፤ ቅደም ተከተሉን የምሠራው ቢሳሳት ከሚመለሰው ወደማይመለሰው ነው። ማየትና መለካት ምንም አይጎዳም። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁማት፣ አጥፍተህ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ የዘይት መለኪያውን መዘህ በነጭ ጨርቅ ጥረግ፣ መልሰህ እስከ መጨረሻው አስገባና እንደገና ምዘዝ። ከሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው? ጨርቁ ላይ የቀረውን አሽትተው፤ ቤንዚን ይሸታል? በጣቶችህ መካከል ስታሸው ብረት ብረት የሚል ደቃቅ ነገር ይሰማሃል? ቀጥሎ ፊልትሮውን አምራቹ ባዘዘው ወይም ጥራቱ በሚመጥን መቀየር ነው፤ ይህም ስህተት ቢሆን የሚያስጸጽት አይደለም። ድምፁ ካልሄደ መካኒክ የዘይቱን ግፊት በመለኪያ ይለካልህ፤ የግፊት ማሳያዋን ፈትቶ በቦታዋ መለኪያ ያስራል፣ የሚነበበውን ቁጥር ከሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ጋር ያስተያያል። ሞተር መፍታት፣ ፈሳሽ መጨመር፣ «እስቲ ይህን እንሞክር» ማለት ከዚህ በኋላ የሚታሰብ ነው። ይህን ግፊት ሳይለካ ሞተር ልፍታ የሚልህ ባለሙያ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀበል።

ስልክህ ላይም የሚታመን ሰው ይገኛል። የሞተሩን መለያ ጠርቶ የሚጀምር፣ የሚለካውን መሣሪያ የሚያሳይ፣ «ይህ ካልሆነ ያኛውን እዩ» የሚል፣ ከሁሉም በላይ ተመልሶ «ባለፈው የነገርኳችሁ ስህተት ነበር» ያለበት ቪዲዮ ያለው ሰው ካገኘህ ተከተለው። እንዲህ ካሉት አንዳንዶቹ ጋራዥ ውስጥ የሚውሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ቀን ሌላ ሥራ ሠርተው ማታ የራሳቸውን መኪና የሚፈቱ ናቸው። «ሁልጊዜ» እና «በፍጹም» እያለ የሚጮኸውን ግን እለፈው።

አሁን አጎትህ። የተቆጡት ስለ ዘይቱ አይመስለኝም። ሠላሳ ዓመት የሠሩበትን ጆሮ፣ ገና መኪና ከገዛ ጥቂት ወር የሆነው ልጅ በስልክ አስፈተነባቸው። የያዝከው ጥያቄ ልክ ነበር፤ አቀራረብህ ግን ፍርድ ይመስል ነበር። ስልኩን ቤት ትተህ ሂድ። መመሪያ መጽሐፉን፣ የገዛኸውን ዘይት ባዶ ዕቃና የፊልትሮውን ካርቶን ያዝ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቅ፣ አታስረዝመው። ከዚያ «የሰሙት ከየት በኩል ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው፤ ከላይ ከቫልቭ በኩል ነው ወይስ ከታች? ማንም የጠየቃቸው አይመስለኝም፤ መልሱ ደግሞ ከወፍራሙ ዘይት ይልቅ የሚጠቅምህ ነው። ዘይትና ፊልትሮ ራስህ መቀየርህን ንገራቸው። መኪናዋን እዚያው አሳድራት። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለች እሳቸው ካቻቢቴያቸውን ይዘው ሲቆሙ አንተ አስነሣ። ሰንጠረዡን ማሳየት ካስፈለገ ገጹን ከፍተህ «ይህን እንዴት ያዩታል?» በል፤ በጣትህ እየጠቆምክ አታንብብላቸው። ወፍራሙን ዘይት ይዘው ከጸኑና መጽሐፉ ካልፈቀደ «ግፊቱን ከለካን በኋላ እንወስን» በላቸው። ልኬትን የሚጠላ መካኒክ ብዙ አላየሁም።

መልሰህ ጻፍልኝ። የመኪናዋን ሞዴል፣ ዓመትና የሞተር መለያ፤ በዘይቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ቁጥር፤ ፊልትሮው ቀጥ ብሎ ነው ወይስ አግድም የተገጠመው፤ ድምፁም ጠዋት ስታስነሣት ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ቆጥረህ። አንድ ቀን ሙሉ ሳትነሣ ከዋለች በኋላስ ይረዝማል?